የሥልጠናው ጥቅም አብሮ መጫወቱ ነው

ስለ ክረምት የሙዚቃ ሥልጠና ያወጣችሁት ጽሑፍ አዋቂዎች የቫዮሊንና የቼሎ ሥልጠና እንዲገቡ ማበረታታቱ ደስ ብሎኛል። «በቀን ስድስት ሰዓት ተለማመዱ» በሚለው ግን አልስማማም። ዓመቱን ሙሉ መሣሪያውን አልፎ አልፎ ብቻ ያነሳ ሰው ድንገት እንዲህ ሲጫን መጀመሪያ የሚጎዳው ትከሻውና የግራ እጁ ነው። አውራ ጣት የቫዮሊኑን አንገት ጨምድዶ ከያዘ ሌሎቹ ጣቶች እንደልብ አይንቀሳቀሱም። ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ተጫውቶ እጅን ማሳረፍ በጣም ይሻላል።

ይልቅ የሥልጠናው ትልቁ ነገር አብሮ መጫወቱ ነው። ኳርቴት አራት ሰዎች አብረው የሚጫወቱበት ቡድን ነው፦ ሁለት ቫዮሊን፣ ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ የሚል አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ። ከፊት ቆሞ የሚመራ የለም። አራቱም የሚጀምሩት በትንፋሽና በዓይን ተግባብተው ነው። ቤቱ ብቻውን የሚለማመድ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል? ሁለተኛ ቫዮሊን የደረሰውም ቅር አይበለው! ጆሮ የሚሠራው እዚያ ነው። ከላይ የአንደኛውን ቫዮሊን ዜማ፣ ከታች ቼሎውን እየሰማ መሃል ላይ ድምፁን ማስተካከል አለበት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሙዚቃ ደራሲው በሃይድን ዘመን እንኳ ኳርቴት በየቤቱ ተሰባስበው ከሚጫወቱት ብዙዎቹ ሙያቸው ሙዚቃ ያልሆነ ሰዎች ነበሩ።

በነገራችን ላይ፣ በክረምት አየሩ ሲረጥብ የመሣሪያው እንጨት ያብጣል፤ ክሮቹ የሚወጠሩበት መቃኛም አልዞር ይላል። በግድ አታዙሩት፣ ሊሰበር ይችላል።

የሥልጠናው አዘጋጆች ደግሞ እባካችሁ ሰው በቡድን ስትመድቡ ስንት ዓመት እንደተማረ ብቻ አትጠይቁ። ኖታ አንብቦ ከሌሎች ጋር እኩል መሄድ መቻሉን እዩለት።