የሚያሸናው ኪኒን እና የእሁድ ቅዳሴ

የልብ ድካም ያለባቸው አረጋውያን ኑሮ በመድኃኒት ብቻ ሳይሆን በውስጥ ጥንካሬያቸውም ይወሰናል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እስማማለሁ፤ ግን ጥንካሬ ዝም ብሎ ከሰማይ አይወርድም።

የልብ ድካም ያለባትን እማዬን እናስታምማለን። በጣም የከበዳት የእግሯ ማበጥ ወይም ትራስ ደራርባ መተኛቷ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ማቆሟ ነው። ጠዋት የሚያሸናውን ኪኒን፣ ፉሮሴማይድን፣ ትውጣለች፤ ከዚያ ሽንት ፋታ አይሰጣትም። ቅዳሴ አቋርጦ መውጣት ደግሞ ለእሷ ሞት ነው። «ሰው ፊት ከምዋረድ ቤቴ ልቀመጥ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሐኪሙን ስናማክራቸው «እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ትውሰደው» አሉ። በቃ! እስክንጠይቅ ድረስ ግን ማንም አላነሳውም። አሁን ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ ብታዩአት የታመመች አትመስልም።

ጨው ሌላ ጣጣ ነው። በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ለእሷ ለብቻ ያለ ጨው አስፈጨን። ጎረቤት ግን «ትንሽማ ቅመሺ» ማለቱን አይተውም፤ እሷም እምቢ ማለት አትችልበትም።

የምታስታምሙ ካላችሁ፣ ሚዛን ግዙና ጠዋት ከቁርስ በፊት መዝኗቸው። በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ውፍረት ሳይሆን ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ለሐኪም ንገሩ። ለጉልበት ሕመም ብላችሁም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በራሳችሁ አትስጡ፤ የውሃውን መጠራቀም ያባብሰዋል። የኪኒኑንም ሰዓት ሳታማክሩ እንዳትቀይሩ።