ውሃ የማይነካው ተፋሰስ

እንኳን አደረሳችሁ! መጋቢት 13፣ የዓለም የውሃ ቀን፣ ዘንድሮም እንደ ወትሮው ደምቆ ተከበረ። እንግዶችን አቧራ እንዳይነካቸው የትምህርት ቤቱ ግቢ ከንጋት ጀምሮ በቱቦ ሲርከፈከፍ አረፈደ፤ «እያንዳንዷን ጠብታ እንቆጥብ» የሚል ባነር ተሰቀለ፤ ተማሪዎችም ጠብታ ሳይቀምሱ ፀሐይ ላይ ተሰለፉ። እነሆ ቁጠባ!

የበዓሉ ዘውድ ግን የተፋሰስ ሞዴሉ ነው። ተራራው ፎምና ጄሶ፣ ወንዙ ሰማያዊ ቀለም፣ ደኑ አረንጓዴ የተነከረ ስፖንጅ። ፊት ለፊቱ «አትንኩ» ተብሎበታል። ከሁሉም በላይ ውሃ እንዳይነካው! ቀለሙ ይለቃል፣ ጄሶው ይሟሟል። ወንዙ ከአንዱ ሸለቆ ይነሣና ሸንተረሩን ሽቅብ ተሻግሮ ወዲያኛው ሸለቆ ይወርዳል፤ ቀለም ሽቅብ አይፈስም ያለ ማን ነው? ሐይቁ ለፎቶ እንዲመች ተራራው ትከሻ ላይ ጉብ ብሏል። ድልድዩ ከወንዙ አንድ ክንድ ርቆ ቆሟል፤ ወንዙ አንድ ቀን ይመጣለት ይሆናል። የክብር እንግዳው ጎንበስ ብለው «ድንቅ ነው» አሉ፤ አስጎብኚው ፎሙ ከየት እንደተገዛ አስረዳ። ከልጆቹ አንዷ «እዚህ ጋ ቢዘንብ ውሃው ወዴት ይሄዳል?» እንዳትል ዙሪያው በሪባን ታጥሯል።

አንዳንድ መምህራን ግን ደረጃቸውን አልጠበቁም። የተጨማደደ ወረቀት ትሪ ላይ ይከምራሉ፣ ስስ ላስቲክ ያለብሱታል፣ ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች በማይለቅ ማርከር ያገናኛሉ፤ ውሃ ክፋይ ማለት ይኸው መስመር ነው። ከዚያ በመርጫ ጠርሙስ ያዘንቡበታል። በኩባያ ከደፉት ሁሉም አንድ ላይ ይወርድና የሚታይ ነገር አይኖርም፤ ሲረጩት ግን ጠብታው ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ይለያያል። ዳገቱ ላይ የቀለም ዱቄት ሲነሰነስ ታች ያለው ኩሬ ይደፈርሳል። ምን ዋጋ አለው፣ ሪባን የለው!

አፈርን በውሃ ከመጠረግ ምን እንደሚያድነው የሚያሳየው የሦስቱ ጠርሙሶች ሙከራም ተዘጋጅቶ ነበር፦ ባዶ አፈር፣ ደረቅ ቅጠል የለበሰ አፈር፣ ሣር የበቀለበት አፈር፤ እኩል ተዳፋት፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ውሃ። ሣሩ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በፊት መዘራት ነበረበት፤ ኮሚቴው የተቋቋመው ግን በዋዜማው ነው። ስለዚህ ሣር ከአጥር ሥር ተነቅሎ አፈሩ ላይ ተጋደመ። ሥር ያልሰደደ ሣር አፈር አይዝም፤ ውሃው ከሣሩ በታች ሾልኮ አፈሩን ጠርጎ ወረደ። ልጆቹም «ሣር ጥቅም የለውም» ብለው በደብተራቸው መዘገቡ። ሳይንስ ይሏል ይሄ ነው።

ንግግሩ ደግሞ «ጥርሳችሁን ስትቦርሹ ቧንቧ ዝጉ» የሚል ነበር። ከመድረኩ ጀርባ ያለው የግቢው ቧንቧ ያንጠባጥባል። ቢደቀንለት 250 ሚሊ ሊትር ኩባያ በ10 ደቂቃ ይሞላል፤ በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል፣ በቀን 36 ሊትር፣ በዓመት ከ13 ሺህ ሊትር በላይ። የጎደለው አንዲት የላስቲክ ቀለበት ናት። አዋቂው ዓመቱን ሙሉ ሲያፈስ ኖሮ ጥፋቱን የስምንት ዓመት ልጅ ጥርስ ብሩሽ ላይ መለጠፍ ነውር ነው! ኩባያና ሰዓት ስጧቸውና ራሳቸው ይለኩት። አትሰጧቸውም፤ ቁጥሩን ይዘው ቢሮ እንደሚመጡ ታውቃላችሁ።

ይቅርታ፣ በዓል ላይ ነን። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከ200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 2,000 ሊትር ያወርዳል፤ የመማሪያ ክፍሉ አሸንዳ ግን ባነር መስቀያ ሆኗልና ጠፈጠፉ የግድግዳውን ሥር ይቦረቡራል። ሞዴሉ አያሳስባችሁ። ላስቲክ ለብሶ ቁም ሣጥን አናት ላይ ወጥቷል፤ እዚያ ጋ ጣሪያው ስለሚያፈስ ላስቲኩ ድርብ ተደርጎለታል።