ኦርኪድ ፍለጋ ወጥቼ የተኛ ሣር አይቼ መጣሁ

ይህን ነገር ዛሬ ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

የዱር ኦርኪድ ለማየት ወደ አንድ የባሕር ዳርቻ ጥብቅ ስፍራ ሄድኩ። የሱቁን ኦርኪድ እርሱት፤ ያ ማሰሮው ውስጥ ተኮፍሶ "ግዙኝ" ይላል። የዱሩ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ከስንዝር ብዙም አይበልጡም፤ ሣር መሃል ድብቅ ናቸው። በአሸዋ ጉብታዎቹ መካከል ውሃ የሚተኛባቸው ረባዳ ቦታዎች አሉ። የዛጎል ስባሪ አሸዋውን ኖራማ ስላደረገው አንዳንድ ኦርኪዶች እዚያ ይመቻቸዋል። እነሱን ለማግኘት ጎንበስ ማለት፣ አንድ እርምጃ መሄድ፣ መቆም፣ ደግሞ ጎንበስ ማለት ነው። ወገቤ እስካሁን ያመኛል። ብሶቴ ግን ይሄ አይደለም፤ ይሄማ ደስታው ነው።

ብሶቴ ሣሩ ነው። የተኛው ሣር።

አሁን ኦርኪድ ለማግኘት የሰላ ዓይን አያስፈልግም። ሰው የተንከባለለበት የሚመስል ክብ ቦታ ካያችሁ መሃሉ ላይ አንድ ኦርኪድ አለ። ዙሪያዋ ሁሉ ተደፍጥጦ እሷ ብቻ ቆማለች። እንዲህ ያለ ክብ ሰባት ቆጥሬ ተውኩት።

ሣሩን ከሚያስተኙት ፎቶ አንሺዎች አንዱን ደግሞ በሥራ ላይ አገኘሁት። በሆዱ ተኝቷል። ካሜራው አበባዋ ላይ ተደቅኗል። በሌላ እጁ ምን እንደያዘ ገምቱ። መቀስ! ትንሽዬ የጥፍር መቀስ። ፎቶው እንዲጠራለት ሣሩን አንድ በአንድ ይቆርጣል።

ፊቱ ያለችው የንብ ኦርኪድ ናት። ከንፈሯ፣ ማለትም የታችኛው የአበባ ቅጠሏ፣ ቡናማ፣ ጸጉራም፣ ቁርጥ ሴት ንብ። በሜዲትራኒያን አካባቢ ወንዱ ንብ ሚስት ያገኘ መስሎት ያርፍባታል፤ እሷም የአበባ ብናኟን ለጥፋበት ትሸኘዋለች። ወደ ሰሜን ሲሄዱ ይህ ንብ ብዙም አይመጣላትም። ምን ታደርጋለች? ብናኟ በቀጭን ዘንግ ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ ነፋስ ሲወዘውዘው እዚያው ራሷ ላይ ያርፋል፤ ዘር ታፈራለች። ለሁሉም መላ አላት። ለሰው ሆድ ብቻ የላትም።

"ወንድሜ፣ ከክርንህ ስር ሌላ አለች" አልኩት።

ክርኑን አነሳ። ግንዷ ተቀንጥሶ ሁለት አበባና አንድ እምቡጥ አሸዋ ላይ ተለጥፈዋል። "ውይ፣ አላየኋትም" አለ። በካሜራ ቀዳዳ የሚያይ ሰው እንዴት ክርኑን ያያል? ወዲያው ደግሞ ወደ መቀሱ ተመለሰ።

ያበበችው እንኳ እንዲህ ከሆነች ያላበበችውን ማን ያያል? የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ የሚበላው ስንቅ የለውም። አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ ካልመገበው ዱር ውስጥ አይበቅልም። የንብ ኦርኪድ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክታብብ ከ5 ዓመት በላይ ሊፈጅባት ይችላል። እስከዚያ ለሚያልፍ ሰው መሬት ላይ የተለጠፈች ተራ አረም ናት። ያ ክብ ሣር ውስጥ ስንት እንደዚህ ዓይነት እንደተደፈጠጡ አስቡት።

ነቅለው የሚወስዱም አሉ። ከመንገዱ ዳር ንጹህ የአካፋ ጉድጓድ አይቻለሁ። መላው የኦርኪድ ቤተሰብ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ቁጥጥር ያለበት ነው፤ ለአካፋው ግን ማን ነገረው? ደግሞ ከፈንገሷና ከአፈሯ የተነጠለች የዱር ኦርኪድ ብዙ ጊዜ እዚያ ማሰሮ ውስጥ ትሞታለች። ሌብነቱ እንኳ አያተርፍም።

እሺ፣ የኔንም ልናገር። ባለፈው ዓመት እዚያው ያነሳሁትን ፎቶ ስለጥፍ ሎኬሽኑን ሳላጠፋ ረሳሁት። ላይኩ ሲጎርፍ ደስ ብሎኝ ነበር። በሳምንቱ ስመለስ ሣሩ መሃል መንገድ ወጥቷል፤ መጨረሻው ላይ ያቺ የኔ ኦርኪድ ነበረች፣ ማለቴ የነበረችበት ቦታ። ለዚህ ነው ባለ መቀሱን ስቆጣ ድምፄ ቀጠን ያለው።

ዛሬ ማታ አንዲት ፎቶ ለጠፍኩ። ሎኬሽን የለም፤ የቦታ ስም የለም፤ ከጀርባው ሣር ብቻ ነው። ከታች "ቦታውን እንዳትጠይቁኝ" ብዬ ጻፍኩ።

የመጀመሪያው አስተያየት፦ "ዋው! የት ነው? ቅዳሜ እንሂዳ!"