እርማት፦ ቁጥሩ ሲበዛ ሞዴሉ ያንሳል

ከድሬዳዋ የጻፉልን ወንድማችን «የሞዴል መኪና ስትገዙ 1፡43ን ምረጡ፤ ከ1፡24 ይበልጣልና» ሲሉ የሰጡት ምክር በጀማሪ ሰብሳቢዎች ዘንድ በእጅጉ የተለመደ ስሕተት ስለሆነ፣ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። በካርቶኑ ላይ ከ1 ቀጥሎ የሚታተመው ቁጥር (43 ወይም 24) እውነተኛው መኪና ስንት ጊዜ እንዳነሰ የሚናገር በመሆኑ፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሞዴሉ ያንሳል። እኛ ሐረሮች በታክሲነት የምናውቃት ፔዦ 404 ርዝመቷ 4.4 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1፡24 ስትሠራ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች፣ በ1፡43 ግን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነች መዳፍ ላይ ታርፋለች። (43 የሚለው እንግዳ ቁጥር የመጣው ከአሻንጉሊት ባቡር ነው፤ የርዝመት መለኪያ የሆነው አንድ ጫማ (30.5 ሴንቲ ሜትር ያህል) በ7 ሚሊ ሜትር ሲወከል 1፡43.5 ይሆናል።)

የሚቀነሰውም ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ እያንዳንዳቸው ናቸው። ስለዚህ ይዘቱማ በ1፡24 የሚያንሰው 24 × 24 × 24፣ ማለትም 13,824 ጊዜ ነው።

«1፡24 እና 1፡25 አንድ ናቸው» ያሉትንም በከፊል ብቻ እቀበላለሁ። መደርደሪያ ላይ ልዩነታቸው አይታወቅም፤ ዕቃ ሲቀያየር ግን ይታወቃል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ሞዴሎች 1፡25፣ የጃፓኖቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1፡24 ናቸው። እኔ ራሴ የ1፡25ን ጎማ ለ1፡24 አካል ገጥሜ፣ የአንዲት ሚሊ ሜትር ጉድለት በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ክፍተት ፈጥራ መኪናዋን የሌላ ሰው ጫማ ያጠለቀች አስመስላታለች።