እዚህ ያተረፍኩባት መኪና

አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ትግሉ ሁሉ ከሻጩ ጋር ነው። ዋጋ ለማስቀነስ ግማሽ ቀን ይከራከራል፤ የዋስትናውን ዘመን ያስረዝማል፤ በዚያው ገንዘብ ጉልበታሙን ሞተር ለማግኘት ይደክማል። እኔም አዲስ አበባ የምነዳትን መኪና እዚህ ገዝቼ ከባልቲሞር ወደብ ለመጫን ሳስብ የተነሳሁት ይህንኑ ልማድ ይዤ ነበር። ወረቀትና እርሳስ ይዤ ስቀመጥ ግን ያተረፍኩ የመሰለኝ ነገር ሁሉ ጅቡቲ ሲደርስ ወይ ከንቱ ወይ ዕዳ እንደሚሆንብኝ ገባኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሞተሩ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ግብር) አዋጅ በአዲስ መኪና ላይ፣ በሲሲ በሚለካው የሞተሩ መጠን፣ እስከ 1,300 ሲሲ 5 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ 100 በመቶ ጣለ። ከመጠኑ ይልቅ የሚከብደው አደራረቡ ነው፤ ኤክሳይሱ የሚሰላው የጉምሩክ ቀረጥ በተጨመረበት ዋጋ ላይ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ኤክሳይሱ በገባበት ላይ፣ 10 በመቶው ሱር ታክስ የሚባለው የገቢ ዕቃ ተጨማሪ ግብር ደግሞ በዚህ ሁሉ ድምር ላይ ነው። ቀረጥ ታክሎበት 100 ብር የደረሰ መኪና ሞተሩ ትንሽ ከሆነ ወደ 133 ብር፣ ትልቅ ከሆነ 253 ብር ይሆናል ማለት ነው። የስሌቱ መነሻ የመርከብ ኪራዩንና መድኑን ስለሚጨምር፣ ሰው ለማጓጓዣ ባወጣው ገንዘብም ላይ ታክስ ይከፍላል። እዚህ የሽያጭ ታክሱ አንዴ ተከፍሎ ያበቃል።

በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ሲነገር፣ የሞተሩ ጣጣ ራሱ ቀረ። በ2014 ዓ.ም በተላለፈው ውሳኔ ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኖ ቀረጡም 15 በመቶ እንዲሆን ተደርጎ ስለነበር፣ ደስ ብሎኝ ወደ ኤሌክትሪኩ ዞርኩ። ደስታዬ አልቆየም። አገር ቤት የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት ከቻይና የመጡ በመሆናቸው የኃይል መሙያው ሶኬት በቻይና ደረጃ የተሠራ ነው፤ የአሜሪካው መኪና መሰኪያ ከዚያ ጋር አይገጥምም። ያስረዘምኩት ዋስትናም ውቅያኖስ አይሻገርም። መቼም ከፋብሪካ የወጣች መኪና ከእኔ ጋር አገር ቤት ስትገባ የማየቱ ጉጉት ባይኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ቀድሜ ማስተዋል አይከብደኝም ነበር።

ሐሳቤን ለታላቅ ወንድሜ በስልክ ስዘረዝርለት ዝም ብሎ አዳመጠኝና፣ ጎረቤቱ በቅርቡ ስለገዛት ቻይና የተሠራች ቮልስዋገን አይዲ ፎር የምትባል የኤሌክትሪክ መኪና ነገረኝ። «አንተ በባሕር የምታዞራት መኪና እዚህ ታርጋ ተለጥፎላት በራችን ላይ ቆማለች» አለኝ።