«ተሸወድክ» ላላችሁኝ ሁሉ

ሐዋሳ ከገባን ሦስት ወር ሊሞላን ነው። አዲስ ቤት የገባ ሰው የሚያመሰግነው አያጣም። የእኔ ምስጋና ግን ዕቃ ላወረዱልን አይደለም (የጫኝና አውራጅ ነገር ራሱን የቻለ ዓምድ ይፈልጋል)፤ የመጀመሪያውን ቀን በጀሪካን ውሃ ላቀበሉንም አይደለም፤ እነሱን በቃል አመስግነናል። ይህን ጽሑፍ የማበረክተው ማንም ሳይጠይቃቸው የዕቃችንን ዋጋ አንድ በአንድ እየጠየቁ «ተሸወድክ» ላሉን ደጋግ ሰዎች ነው። እነሱ ባይደርሱልን ኖሮ እኔና ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ ደስ ብሎን ተቀምጠን እንቀር ነበር።

ከአዲስ አበባ እስከዚህ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ዕቃው አይሱዙው ላይ፣ እኛ ጋቢና ውስጥ፣ የቡና ሲኒው ካርቶን ደግሞ እንዳይሰበር ባለቤቴ ጭን ላይ። ሻሸመኔን አልፈን፣ ጥቁር ውሃን ተሻግረን፣ ሰፈራችን ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ገና የግቢውን በር ቁልፍ ከኪሴ እየፈለግሁ አንድ ባጃጅ አጠገባችን ቆመ። ተሳፋሪ ፈልጎ መስሎኝ «አመሰግናለሁ፣ ደርሰናል» አልኩት።

«ቤቱን ስንት ያዛችሁት?» አለኝ።

ነገርኩት። ሰው ሞተብኝ ያልኩት ይመስል ራሱን ነቀነቀ። «አቶቴ ብትወጡ በግማሽ ታገኙ ነበር» ብሎ ማርሹን አስገብቶ ሄደ። ስሙን አላውቅም፤ ታርጋውንም አላየሁም። ሐዋሳ ውስጥ የመጀመሪያው ባለውለታዬ ግን እሱ ነው። ፍራሻችን ገና መሬት ሳይነካ መሸወዳችንን አወቅን። የስንቱ ከተማ ሰው ይህን ለማወቅ ዓመት ይፈጅበታል!

የጥንቱ ሰው አዲስ ቤት ሲጎበኝ ደጃፉ ላይ «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል፤ ባለቤቶቹም «እንቦሳ እሰሩ!» ብለው ይመልሳሉ። ሀብት ማለት ከብት በነበረበት ዘመን ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት ከየት ይመጣል? በረታችሁ ጥጃ ይሙላበት ነው ነገሩ። የእኛ ሰፈር ምርቃቱን አልተወውም፤ እንዲያውም ጨምሮበታል። «ቤት ለእንቦሳ!» ይላሉ ጫማቸውን እያወለቁ። «እንቦሳ እሰሩ» ብለን አፋችንን ሳንዘጋ ዓይናቸው መጋረጃው ላይ ደርሷል። «ሜትሩን በስንት ገዛችሁት?» እውነተኛ እንቦሳ አምጥተን በረንዳው ላይ ብናስር እንኳ ወንድ ናት ሴት ብሎ የሚጠይቀን አይኖርም፤ ስንት እንደገባች ነው።

ባዶ እጃቸውን መጡ ብዬ እንዳላማ! ስኳር ያመጡ አሉ፣ ፔርሙዝ ያመጡ አሉ። አንዲት እናት ስድስት ብርጭቆ ይዘውልን መጡ፤ ካርቶኑ ላይ የዋጋው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። «አይ፣ ዋጋውን ሳልልጠው ረሳሁት እኮ!» አሉ። ሦስት ጊዜ አሉ። ሦስተኛው ላይ ባለቤቴ ወረቀቱን አንብባ «ውይ፣ ምን አደከመዎት!» ስትል ነው እፎይ ብለው የተቀመጡት።

ዋና ኦዲተር ሪፖርቱን ለምክር ቤት የሚያቀርበው በዓመት አንዴ ነው። የእኛ ሰፈር በየቡናው ነው። ደግሞ ሥርዓት አለው፤ በአቦል የቤት ኪራዩ ይመረመራል፣ በቶና ዕቃው፣ በበረካ ደመወዙ። በረካ ላይ ሁልጊዜ ስልክ ይጠራብኛል።

የመጀመሪያው እሑድ አቦል ላይ የነበረውን አልረሳውም። በስተግራ በኩል ያሉት ጡረተኛ ጋሼ ሲኒያቸውን እየነፉ «ቅድሚያ የስንት ወር ከፈላችሁ?» አሉ። «የሦስት» አልኩ።

«ተሸወድክ! የኪራይ አዋጁን አላነበብክም? ቁጥር 1320/2016። ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበል ክልክል ነው።»

እንዲህ ያለ ጎረቤት ማግኘት መታደል ነው። አዋጁን በቁጥሩ የሚጠራ ሰው በየሰፈሩ አይገኝም። በአድናቆት «እርስዎ ታዲያ ሰርቪስ ቤቶቹን ሲያከራዩ የሁለት ወር ብቻ ነው የሚቀበሉት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔማ የስድስት ወር ነው» አሉኝ፣ በእርጋታ። «ተከራይ ካልያዝከው ይሄድብሃል።»

ቶና ሲቀርብ ተነሡ። ሲኒያቸውን አስቀመጡና ወደ አዲሱ ጠረጴዛችን ሄዱ። ይህን ጠረጴዛ የገዛነው ከገባን በአራተኛው ቀን ነው፤ መሬት ላይ ተቀምጠን መብላት ስለሰለቸን፣ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ስላማረን። ጋሼ የመሐል ጣታቸውን አጥፈው አንዴ መቱት፤ ኳ። ጆሯቸውን አስጠጉ፤ ሐብሐብ የሚመርጥ ሰው አይታችኋል? ልክ እንደዚያ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቡና የምትቀዳው ባለቤቴ ጀበናውን እንዳዘነበለች ቀረች።

«ምን ነው ብለው ሸጡልህ?»

«ዋንዛ።»

ጎንበስ ብለው እግሩንም መቱት። ኳ። ቀና አሉ። «ዋንዛ እንዲህ አይልም።»

«ዋንዛ ምንድን ነው የሚለው?»

«ዋንዛ ምንም አይልም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ እኛ ቤት ሳህን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሁለታችንም ጆሯችንን እናቆማለን። ሽሮው ጣፈጠ አልጣፈጠ ማንም ልብ አይልም። ጠረጴዛው ምን አለ? ያ ነው ጥያቄው። ምግብ እየበሉ የእንጨት ምርምር ማድረግ እንደሚቻል በበኩሌ አላውቅም ነበር፤ ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን።

በታሪክም በኩል ብዙ ተምረናል። ፍሪጁን ሲያዩ «ከዶላሩ በፊት ብትገዛው!» ያላለን የለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ማለታቸው ነው፤ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት። እኔ ያኔ የሰው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ፍሪጅ ባመጣ ወይ እኔ ወይ እሱ ውጭ እናድር ነበር። ጋሼ ደግሞ ከዚያም አልፈው ይሄዳሉ። ከተማዋ በ1952 ገደማ ስትቆረቆር መሬት እንዴት በቀላሉ ይገኝ እንደነበር ይተርኩልኝና «ያኔ ብትመጣ ሐይቅ ዳር ቦታ ነበረህ» ብለው በሐዘን ያዩኛል። ያኔ አባቴ ራሱ ገና ጥጃ ይጠብቅ ነበር። ቢሆንም ተጸጸትኩ።

ከሁሉም በላይ ግን ሳላመሰግነው ማለፍ የማልችለው አንድ ሰው አለ። አይቼው አላውቅም። እሱም «የማውቀው ሰው» ይባላል።

«ሳትነግረኝ ገዛህ? እኔ እኮ የማውቀው ሰው ነበረ!» ይሏችኋል። የማውቀው ሰው ሶፋ ይሠራል። የማውቀው ሰው ቆርቆሮ ያስመጣል፣ የውሃ ታንከር ይሸጣል፣ ምንጣፍ በጅምላ ያከፋፍላል፣ ቀለም ይቀባል፣ ጥርስም ሳይነቅል አይቀርም። ዋጋው ሁልጊዜ እናንተ ከከፈላችሁት ግማሽ ነው። ዕቃው ሁልጊዜ «ኦርጅናል» ነው። አንድ ጠባይ ብቻ አለው፤ ከመግዛታችሁ በፊት አይገኝም። አንድ ጊዜ ብልጥ ልሁን አልኩና ቁም ሳጥን ሳልገዛ ቀድሜ ሰፈሩን ዞሬ ጠየቅሁ። «ቁም ሳጥን የሚሠራ የምታውቁት ሰው አለ?» አንዱ «ነበረ፣ አሁን ሞያሌ ገብቷል» አለኝ። ሌላው ስልኩን አውጥቶ ረጅም ጊዜ ፈለገና «ቁጥሩ የድሮው ሲም ላይ ነው የቀረው» አለ። ሁለት ሳምንት ልብሳችን ሻንጣ ውስጥ ተጨማዶ ከረመ። በመጨረሻ እንደ ማንኛውም ሰው ሱቅ ሄጄ ገዛሁ። ቁም ሳጥኑ ከጋሪ ሳይወርድ የማውቀው ሰው ከሞያሌ ተመለሰ።

ዓሣም ቢሆን አያመልጥም። አንድ ቅዳሜ በጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ። ልጆቹ ቀረሶውን በቢላ ሲልጡትና ሲሰነጥቁት እጃቸው አይታይም፤ ቆዳው አንድ ቦታ፣ አጥንቱ አንድ ቦታ፣ ሥጋው ለብቻው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን ከበው፣ ጡረታ ሊቀበሉ እንደተሰለፉ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ቀብረው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ጥቁሩን ፌስታል አንጠልጥዬ፣ ለምሳ በዳጣ እንዴት እንደምንበላው እያሰብኩ፣ እያፏጨሁ ተመለስኩ። ከሐይቁ እስከ ቤቴ ሦስት ሰው ኪሎውን በስንት እንደገዛሁ ጠየቀኝ። የመጀመሪያው «ተሸወድክ» አለ። ሁለተኛው «በአሥራ ሁለት ሰዓት ብትሄድ» አለ። ሦስተኛው ፌስታሉን ተቀብሎ በእጁ መዘነና «ይሄ ኪሎ አይሞላም» አለ። ዓሣው ያን ዕለት ጣፍጦ ነበር ይላሉ፤ እኔ በሐሳብ ሚዛን ላይ ስለነበርኩ አላስተዋልኩም።

ማታ ማታ በረንዳው ላይ እንቀመጣለን። ነፋሱ ከሐይቁ ይመጣና መጋረጃውን ወደ ውስጥ ነፍቶ ይለቀዋል። ባለቤቴ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ጤና አዳም ተክላ ነበር፤ ሞተ ብለን ስንተወው ሰሞኑን አዲስ ቅጠል አወጣ። ጠዋት ጠዋት ለቡናዋ ጫፉን ትቀነጥሳለች። ዝም ብለን ይህን ማየት ጀምረን ነበር፤ ደግነቱ በአጥር ላይ «አፈሩን ነው የገዛችሁት ወይስ ቆፍራችሁ ነው?» የሚል ድምፅ መጣና ከስንፍናችን አነቃን።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ውለታ የተዋለለት ሰው ትንሽ ብልጠት መማሩ አይቀርም። ባለፈው ወር ባለቤቴ የተመኘችውን ረከቦት ገዛሁ። 1,800 ብር። ገና ሱቁ ውስጥ እያለሁ ወሰንኩ፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ 900 እላለሁ። የቀኝ ጎረቤታችን እትዬ የመጀመሪያዋ ነበሩ። ረከቦቱን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ስንት ገባ?»

«900፣ እትዬ።»

ዝም አሉ። ከገባን ጀምሮ ስጠብቀው የነበረው ዝምታ! ተሸወድክ የለ፣ የማውቀው ሰው የለ። ያን ሌሊት አንቀላፍቼ ሳይሆን ተኝቼ አደርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን ብር ፈቱና ቆጥረው እጄ ላይ አስቀመጡት። 1,800። «የኔ ልጅ፣ ሁለት አምጣልኝ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለወንድሜ ልጅ፤ ልታገባ ነው።» ምን ልበል? ዋሽቻለሁ ልበል? የራሴን 1,800 ጨምሬ ሁለቱን ገዛሁላቸው። ከሱቁ ስወጣ ነው ነገሩ የገባኝ። ያ ሁሉ ሰው የሚያወራለት፣ በግማሽ ዋጋ የሚሸጠው፣ ሞያሌ ሄደ ሲም ቀየረ የሚባለው «የማውቀው ሰው» ማለት አንድ ቀን ዋሽቶ ልዩነቱን ከኪሱ ሲከፍል የኖረ፣ በመጨረሻም ከሰፈር የጠፋ እንደ እኔ ያለ ምስኪን ነው።

ረከቦቶቹን ለእትዬ አደረስኩላቸው። አንዱን አነሱት። ገለበጡት። ከሥሩ ጣታቸውን አጥፈው መቱት፤ ኳ። ጋሼ አስተምረዋቸው መሆን አለበት።

«በ900 ነው ያልከው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አየህ፣ ዕቃውን ለይቼ ሳላየው ነው ዝም ያልኩህ» አሉ፣ በእናት ዓይን እያዩኝ። «ተሸወድክ።»