ፋይልህ ተቃጥሏል፤ ማስረጃ ግን አምጣ

የአሜሪካ መንግሥት ጁላይ 4 ቀን 2025 ሞቶ የነበረ አንድ ሕግ መልሶ ነፍስ ዘራበት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በኒውክሌር ቦምብ ሙከራ ጨረር ለታመሙ ሰዎች ካሳ የሚከፍል ሕግ ነው። በ1990 ወጣ፣ በ2024 ጁን ላይ ጊዜው አለፈበትና ተዘጋ፣ ከዓመት በኋላ ተመለሰ። ሲመለስ ባዶ እጁን አልመጣም። ሙከራው ቦታ ላይ ለነበሩ ወታደሮች ይከፈል የነበረው 75 ሺህ ዶላር 100 ሺህ ሆኗል።

ጥሩ ዜና ነው። ግን እስቲ ዕድሜ እንቁጠር። በ1957 ኔቫዳ በረሃ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ 20 ዓመቱ የነበረ ወታደር ሕጉ ሲታደስ 88 ሆኖታል። በሕይወት ካለ ማለቴ ነው።

ገንዘቡ አነሰ በዛ የሚለው ክርክር ብዙም አይስበኝም። የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ «የታመምከው በጨረር መሆኑን አስረዳ» ሲባሉ ነው የኖሩት። አስረዱ የሚላቸው ማን ነው? ቦምቡን ያፈነዳው፣ እነሱን እዚያ የላከው፣ ጨረሩን ሲፈልግ ለክቶ ሳይፈልግ የተወው፣ ትንፍሽ እንዳይሉ ያስማላቸው ያው መንግሥት ነው። አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ ይሏል ይሄ ነው።

አሜሪካ ከ1945 እስከ 1962 ድረስ ወደ 200 የሚጠጉ ቦምቦችን ከመሬት በላይ፣ በአየር ላይና በባሕር ውስጥ አፈንድታለች። በነዚህ ሙከራዎች የተሳተፉት ወታደሮች ከ200 ሺህ በላይ ናቸው።

ቢኪኒን እንውሰድ። በ1946 ባሕር ኃይሉ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ባለችው በዚህች የደሴቶች ቀለበት ከ90 በላይ ያረጁና የተማረኩ መርከቦችን ደርድሮ ሁለት ቦምብ አፈነዳባቸው። 42 ሺህ ያህል ሰው ተሰማርቶ ነበር። የጁላይ 25ቱ ቦምብ፣ «ቤከር» የተባለው፣ የፈነዳው ውሃ ውስጥ ነው። ወደ ሰማይ የተወረወረው የባሕር ውሃ ጨረሩን እንደተሸከመ ተመልሶ መርከቦቹ ላይ ወረደ። ከዚያ መርከበኞቹ እጠቡ ተባሉ። ብሩሽ፣ ሳሙና፣ ውሃ። ብዙዎቹ በቁምጣ፣ አንዳንዶቹ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን ፈተጉ፣ ፈተጉ። ሲለካ ግን ጨረሩ ንቅንቅ አላለም። ቀለሙ፣ ዝገቱና እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

እጥበቱን ያስቆመው አንድ ዓሣ ነው። የጨረር ደኅንነት ኃላፊው ዶክተር ስታፎርድ ዋረን እዚያው ከተያዘ ዓሣ የተገኘ ምስል ይዞ የሙከራው አዛዥ አድሚራል ብላንዲ ዘንድ ሄደ። ምስሉን ያነሳው ካሜራም ኤክስሬይም አይደለም። ዓሣው ፊልም ላይ ሲቀመጥ በገዛ ጨረሩ ራሱን ፎቶ አነሳ። አድሚራሉ ያንን አይቶ አመነ። ኦገስት 10 ሥራው ቆመ፤ የታቀደው ሦስተኛ ሙከራም በኋላ ተሰረዘ። ከዚያው ባሕር ተጣርቶ በመጣ ውሃ ሲጠጡና ሲታጠቡ የሰነበቱትን መርከበኞች ግን ፊልም ላይ ያስቀመጣቸው የለም።

ኔቫዳ ደግሞ ተረኛው እግረኛ ጦር ነበር። ቦምብ ከፈነዳ በኋላ ወታደር መዋጋት ይችላል ወይ የሚለውን ለማየት ነው። ምሽግ ውስጥ አጎንብሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በክንዳቸው ሸፍነው ይጠብቃሉ። ከነሱ ብዙዎቹ የመሰከሩት አንድ ነገር አለ። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ የገዛ ክንዳቸውን አጥንት አይተዋል። ብልጭታው ካለፈ በኋላ ተነስተው ቦምቡ ወደፈነዳበት አቅጣጫ ይሄዳሉ። ሲመለሱ አቧራው በመጥረጊያ ይራገፍላቸዋል። በቃ፣ ጽዳቱ ይኸው ነበር።

ከዚያ ወደ ቤት። ያዩትን ለማንም እንዳይናገሩ ታዘዋል። ለሚስትም፣ ለሐኪምም ጭምር። ካንሰር የያዘው ሰው ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ «ምን ሥራ ላይ ነበርክ?» ሲባል ምን ይመልስ? ይህ የምስጢር ግዴታ በሕግ የተነሳላቸው በ1996 ነው። ካሳው ሕግ ከወጣ ከስድስት ዓመት በኋላ! ክፍያ አለ፣ መናገር ግን ክልክል ነው ማለት ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ እሳት መጣ። ጁላይ 12 ቀን 1973 ሴንት ሉዊስ አጠገብ ያለው የወታደሮች ማኅደር ማከማቻ ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ፋይል ወደመ። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች 80 በመቶ ያህሉ ፋይላቸው የለም። የእሳቱ መነሻ አልታወቀም፤ ሆን ተብሎ ነው ለማለት ምንም መሠረት የለኝም። ግን ውጤቱን ተመልከቱ። እዚያ ቦታ ነበርኩ ለማለት ወረቀት ያስፈልጋል፣ ወረቀቱ የነበረው መንግሥት እጅ ነው፣ እሱም ተቃጥሏል፣ ዳፋው ግን ለወታደሩ።

ፍርድ ቤት እንዳይሄዱ ደግሞ በ1950 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሩን ዘግቶታል። ወታደር በአገልግሎት ላይ ሳለ ለደረሰበት ጉዳት መንግሥትን መክሰስ አይችልም ብሎ ወስኗል። ስለዚህ የቀረው ደጅ ጥናት ነው።

ነገሩን ካነቃነቁት አንዱ ኦርቪል ኬሊ የሚባል የቀድሞ ወታደር ነው። በ1958 ማርሻል ደሴቶች ላይ 22 ፍንዳታ አይቷል። ኋላ የሊምፍ ካንሰር ያዘው። በ1979 የአቶም ወታደሮችን ማኅበር መሠረተና በዓመቱ ሞተ። በዚያው ሰሞን የመንግሥቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ1957 «ስሞኪ» በተባለው ፍንዳታ ላይ የነበሩ 3,224 ሰዎችን አጥንቶ ነበር። በዚያ ቁጥር ይጠበቅ የነበረው የደም ካንሰር ሦስት ተኩል ገደማ ሲሆን የተገኘው ዘጠኝ ነው።

መንግሥት ታዲያ ምን አደረገ? በ1984፣ ከ1990ው ካሳ የተለየ፣ የታመሙ ወታደሮችን ክፍያ የሚመለከት ሕግ አወጣና «የጨረር መጠንህ ይሰላል» አለ። ባጅ (ልብስ ላይ የሚደረግ የጨረር መለኪያ) የነበረው በባጁ፣ ያልነበረው በግምት። ብዙዎቹ ባጅ አልነበራቸውም። የነበራቸውም ቢሆን ባጁ ከውጭ የሚመጣውን እንጂ በአቧራ ወደ ሳንባ የገባውን አይለካም። ስሌቱን የሚሠራው ደግሞ የመከላከያው የራሱ ኤጀንሲ ነው። ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቁጥር ትወጣለች፤ «ይህ መጠን ለበሽታህ ምክንያት ሊሆን አይችልም» የሚል ደብዳቤ ይከተላል።

በ1988 ነው ትክክለኛው ነገር የተጀመረው። ፕሬዝዳንት ሬገን የፈረሙት ሕግ 13 የካንሰር ዓይነቶችን ዘረዘረ። ቦታው ላይ ከነበርክና ከነዚህ አንዱ ከያዘህ በጨረር እንደታመምክ ይቆጠራል። የመጠን ስሌት የለም። ዝርዝሩ በኋላ 21 ደርሷል። የኔ አቋም ባጭሩ ይሄ ነው፤ ከዚህ የተለየ አሠራር ሁሉ ማመላለስ ነው።

የሚቃወም ሰው አለ፣ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ከ114 ሺህ በላይ የሙከራ ተሳታፊዎችን የተከታተለ ትልቅ ጥናት በቅርብ ዓመታት ወጥቶ ነበር። ጠቅላላው ሲታይ በጨረር ምክንያት የጨመረ ሞት በግልጽ አላገኘም። አብዛኞቹ ያገኛቸው ጨረር ትንሽ ነው ይላል። ካንሰር ደግሞ ቦምብ ያላየውንም ይይዛል። ታዲያ በምን ሒሳብ ነው ለሁሉም የሚከፈለው?

እሺ፣ ጥናቱን እቀበላለሁ። ግን አማካይ ቁጥር መርከብ የፈተገውንና ከሩቅ ሆኖ ያየውን አንድ ላይ ይደምራል። የአንድን ሰው ዕጢ ከፍቶ «ይሄ ከቤከር የመጣ ነው፣ ይሄ ከሲጋራ» የሚል ምርመራ እስካሁን የለም። ስለዚህ ጥርጣሬ መኖሩ አይቀርም። ጥያቄው ጥርጣሬውን ማን ይሸከም ነው። ትእዛዝ ስለሆነ የሄደው ልጅ ወይስ ያዘዘው? የማይገባው ጥቂት ሰው ቢከፈለው የሚጠፋው ገንዘብ ነው። የሚገባው ሰው ሳይከፈለው ቢሞት ግን አይመለስም። ገንዘቡም ቢሆን መንግሥት የሚያፈርስ አይደለም። የ1990ው ሕግ እስኪዘጋ ድረስ በ34 ዓመት ውስጥ ወታደሩንም፣ የዩራኒየም ማዕድን ቆፋሪውንም፣ ነፋሱ ጨረር ያመጣበትን ሲቪልም ጨምሮ ከ41 ሺህ በላይ ለሚሆን ሰው የከፈለው ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር ብዙም አይርቅም። ለአንድ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ከዚህ ብዙ እጥፍ የምታወጣ አገር ናት።

ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ሰው ዛሬም ያው ስሌት ይጠብቀዋል። የፕሮስቴት ካንሰር የያዘውን አዛውንት ወታደር አስቡት። በወንዶች ላይ ከሚበዙት ካንሰሮች አንዱ ነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም። እሱ አሁንም የመጠን ግምት ይጠብቃል።

ቦምብ ሲፈነዳ ያልነበሩ፣ የፈነዳውን ያጸዱ ወታደሮች ደግሞ የባሰ ነው የተንገላቱት። በ1966 ስፔን ውስጥ ፓሎማሬስ በተባለች መንደር ላይ ሁለት የአሜሪካ አውሮፕላኖች አየር ላይ ተጋጭተው አራት ሃይድሮጂን ቦምቦች ወደቁ። የኒውክሌር ፍንዳታ አልነበረም፤ ግን ሁለቱ ተሰባብረው ፕሉቶኒየም እርሻው ላይ ተበተነ። አፈሩን አካፋ ይዘው የሰበሰቡት ወታደሮች ሽንታቸው ተመርምሮ ነበር። ከፍ ያለ ውጤት የታየባቸውን ብዙዎቹን «ናሙናው በአቧራ ተበክሎ ነው» ብለው ወደ ጎን አደረጉት። ልብ በሉ፤ ውጤቱ ትንሽ ሲሆን ልክ ነው፣ ትልቅ ሲሆን ቆሻሻ ነው። እነዚህ ሰዎች፣ እንዲሁም ከ1977 እስከ 1980 ፓስፊክ ውስጥ ባሉት ኤነዌታክ ደሴቶች ላይ የቦምብ ፍርስራሽ ጉድጓድ ውስጥ ከተው በኮንክሪት የደፈኑት፣ በሕግ የታወቁት በ2022 ነው።

ሌላው ዓለምም ብዙ የተሻለ አይደለም። ብሪታንያ ከ20 ሺህ በላይ ወታደሮቿን አውስትራሊያና ፓስፊክ ላይ አሰልፋ ነበር። ክሳቸው በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ጊዜው አልፏል ተብሎ 4 ለ 3 ወደቀ። በ2022 ሜዳሊያ ተፈቀደላቸው፤ የመጀመሪያው ቦምብ ከፈነዳ 70 ዓመት በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከብሪታንያ ጋር የዘመቱት የፊጂ ልጆች ጉዳይ ግን ይገርማል። የፊጂ መንግሥት በ2015 «ብሪታንያን አንጠብቅም» ብሎ በሕይወት ለነበሩት 24 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 9,855 የፊጂ ዶላር ከራሱ ካዝና ከፈለ። ቦምቡ የፊጂ አልነበረም።

ፈረንሳይ በ1960 የመጀመሪያ ቦምቧን ያፈነዳችው እዚሁ አህጉራችን ላይ፣ አልጄሪያ ሰሃራ ውስጥ ነው። በአልጄሪያ ብቻ 17 ፍንዳታ አድርጋለች። አፍሪካ ያን ጊዜ ዝም አላለችም፤ በ1961 የኒውክሌር መሣሪያ መጠቀም የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ይጥሳል የሚለውን ውሳኔ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ከፊት ሆና የገፋችው ኢትዮጵያ ነበረች። የፈረንሳይ የካሳ ሕግ ግን የወጣው በ2010 ነው። ውስጡ አንድ ሐረግ ተደብቆ ነበር፤ የጨረሩ አደጋ «እዚህ ግባ የማይባል» ከሆነ ክፍያ የለም ይላል። በዚያች ሐረግ ማመልከቻው ሁሉ ማለት ይቻላል ውድቅ ሆነ። በ2017 ሐረጉን ሰረዙት፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ዝቅተኛ የጨረር መጠን የሚል መስፈርት አስገቡ። ያው በገሌ።

ወደ አሜሪካው ሕግ ልመለስ። አዲሱ ሕግ ሴንት ሉዊስ አካባቢን ጨምሯል። ፋይሎቹ የተቃጠሉበት አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ቦምቦች ዩራኒየም የተጣራበትና ዝቃጩ የተጣለበትም ነው። እዚያ የሚኖሩ ወገኖች ስላሉ ለነሱ ልናገር። ከ1949 ወዲህ በተዘረዘሩት የፖስታ ኮዶች ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓመት የኖረና ሕጉ ላይ ያሉት ካንሰሮች የያዙት ሰው ወታደር ባይሆንም ማመልከት ይችላል። የቤት ኪራይ ውል፣ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የመብራት ቢል አትጣሉ።

ማመልከቻ የሚዘጋው ዲሴምበር 31 ቀን 2027 ነው። ለምን ይዘጋል? መንግሥት ወጣቱን ለውትድርና ሲፈልገው ደብዳቤውን ቤቱ ድረስ ይልክ ነበር። አሁንም ጡረታውን የሚከፍለው እሱ ነው፤ የት እንዳለ ያውቃል። የታመመው ሰው ቅጽ ፍለጋ ከሚንከራተት መሥሪያ ቤቱ ራሱ ስሙን ከሙከራው ዝርዝር ጋር አስተያይቶ «ይህ ይገባሃል» ብሎ ይጻፍለት። ፋይሉ ተቃጥሎ ከሆነ አብረውት የነበሩ ሰዎች ምስክርነት ይበቃል ተብሎ ይደንገግ። የማለቂያ ቀኑም ይሰረዝ። አለዚያ በ2028 ጃንዋሪ ላይ ካንሰር የተገኘበት የ90 ዓመት ሰው ኮንግረስ እንደገና እስኪያስታውሰው ሊጠብቅ ነው።